ጨረቃ አይቶ ባህር ላይ አሳ ማጥመድ፦ የጠየቅኩትና እስካሁን የመጣው 31 መልስ

ሰላም እንዴት ናችሁ የቤቱ ሰዎች። ጎንደር ነኝ፣ ጎንደሬ ከባህር ጋር ምን አገናኘው እንዳትሉኝ። መንገዱ ሰላም ሲሆን ቅዳሜ ቅዳሜ በቆላ ድባ አድርጌ ጣና ዳር ጎርጎራ እወርድና ድንጋይ ላይ ተቀምጬ በመንጠቆ ቀረሶ ምናምን እሞክራለሁ። ያን ያህል ጎበዝ አይደለሁም፣ አንድ ደህና አምባዛ ከያዝኩ ሳምንቱን ሙሉ ሳወራው ነው የምከርመው። እዛ ሰዓት የምመርጠው በነፋስ ነው፣ ጠዋት ውሃው ፀጥ ሲል እጥላለሁ፣ ከሰዓት በኋላ ነፋሱ ከተነሳ ክሩም ማስመጫ እርሳሱም አይታዘዝልኝም፣ ጠቅልዬ እሄዳለሁ። አሁን ግን የትራንዚት ሥራ ስለሆነ የምሰራው ለሁለት ወር ጅቡቲ ልሄድ ነው። ባህር ላይ አጥምጄ አላውቅም፣ የጠየቅኩት ሰው ሁሉ ደግሞ ጨረቃዋን እይ፣ የውሃውን ሙላትና ሽሽት እይ ብቻ ነው የሚለኝ። እንዴት ነው የሚታየው? የትኛው ቀን ነው ጥሩ፣ ከስንት ሰዓት እስከ ስንት ሰዓት? ጀልባ የለኝም፣ ከዳር ሆኜ ነው።

ይሄን ከለጠፍኩ አምስት ሳምንት አለፈው። አሁን የምትገቡ ሰዎች ከላይ እስከ ታች አንብቡ ብላችሁ አታነቡም፣ ግማሹም ስለ ጾምና ስለ እምቦጭ ሆኗል፣ ስለዚህ የተባለውን በራሴ አፍ ልንገራችሁ፣ ያጣመምኩት ካለ ባለቤቱ ያርመኝ።

1ኛው መልስ ጅቡቲ ስምንት ዓመት ከኖረ ወንድም ነው የመጣው፣ እግዜር ይስጠው ሳይጣደፍ ነው የጻፈው። ቀኑን በጨረቃ ሰዓቱን በውሃው ምረጥ ነው የሚለው ባጭሩ። ጨረቃ ስትሞላና ጨርሳ ስትጠፋ ፀሐይና ጨረቃ በአንድ መስመር ሆነው ነው የሚስቡት፣ ያኔ ውሃው ሲሞላ በጣም ይሞላል ሲሸሽም በጣም ይሸሻል። ጨረቃ ግማሽ ስትሆን ግን አንዷ ወዲህ አንዷ ወዲያ ስለሚጎትቱ ውሃው ይሰንፋል። ደግሞ ትልቁ ሙላት የሚመጣው ጨረቃ በሞላችበት ቀን ሳይሆን ብዙ ጊዜ አንድ ሁለት ቀን ዘግይቶ ስለሆነ እሱ የሚወጣው ያኔ ነው። ሰዓቱን በተመለከተ ውሃው ጣሪያ ከመድረሱ ሁለት ሰዓት በፊት ይጀምርና መሸሽ ከጀመረ አንድ ሰዓት እስኪሆነው ይቆያል። ምክንያቱም ውሃው ሲሞላ ቅድም ደረቅ የነበረውን ዳር ይሸፍነዋል፣ እዛ ያለውን ሸርጣንና ትንንሽ ነገር ለመልቀም አሳው ተከትሎ ይገባል። ውሃው ጫፍ ላይ ደርሶ ቀጥ ሲል ግን አሳውም ቀጥ ይላል፣ እሱ ያኔ ሻዩን ይጠጣል።

2ኛው ጅቡቲ አሳ በኪሎ ስንት እንደሆነ ጠይቆ ሄደ። እስካሁን የመለሰለት የለም ይቅርታ።

3ኛው አስተማሪ ሳይሆን አይቀርም፣ አጻጻፉ ያስታውቃል። ሰው ሁሉ ውሃው በየስድስት ሰዓቱ ይገለባበጣል እያለ የሚያወራው ስህተት ነው ብሎ ጀመረ። ጨረቃ ተመልሳ አናታችን ላይ ለመምጣት 24 ሰዓት ከ50 ደቂቃ ይፈጅባታል፣ ስለዚህ ከሙላት እስከ ሙላት 12 ሰዓት ከ25 ደቂቃ ገደማ ነው፣ ሙላቱም በየቀኑ ወደ 50 ደቂቃ እየዘገየ ይሄዳል። ይሄ ምን ያመጣል ብትሉ፣ እንደኔ ቅዳሜ ብቻ የሚያጠምድ ሰው ቅዳሜ ጠዋት 2 ሰዓት ላይ ውሃው ሞልቶ አሳ ከያዘ በሚቀጥለው ቅዳሜ በዛው ሰዓት ሲመጣ ባዶ ድንጋይ ነው የሚጠብቀው፣ በሰባት ቀን ውስጥ ስድስት ሰዓት ሊሞላ ምንም አልቀረውም። በአስራ አምስት ቀኑ ነው ዞሮ የሚገጥመው። እኔ ብሆን ኖሮ የዛን ሳምንት አሳው አልቋል ብዬ እተወው ነበር። ደግሞ ፀሐይ የዚያን ያህል ግዙፍ ሆና በጣም ሩቅ በመሆኗ የመሳብ ድርሻዋ የጨረቃን ግማሽ እንኳን አይሞላም አለ፣ ይሄን አላውቅም ነበር።

4ኛው ጋሼ ናቸው። በደርግ ጊዜ ምፅዋ ባህር ኃይል የነበሩ ሰው ናቸው፣ አሁን ጎንደር ቀበሌያችን አካባቢ የሚኖሩ ይመስለኛል ግን አልጠየቅኳቸውም። የጻፉት ረጅም ነው፣ መሀል ላይ ስለ ምፅዋ ሙቀትም አለበት። ዋናው ነገር፣ እዛ ያሉ አጥማጆች ሙላቱን መድ ሽሽቱን ጀዝር ነው የሚሉት፣ አረብኛ ነው፣ ጅቡቲም ስትሄድ ብትጠይቅ ይገባቸዋል አሉኝ። ከዛ ደግሞ 1ኛውን በትህትና አረሙት። ቀይ ባህር ጠባብ ኮሪደር ስለሆነ ሙላቱ ደካማ ነው፣ መሀሉ ላይ ፖርት ሱዳን አካባቢ በዓይን የሚታይ ነገር የለም ማለት ይቻላል፣ ምፅዋ ቢበዛ ሜትር አካባቢ ነው። ጅቡቲ ግን ከቀይ ባህር በሩ ከባብ ኤል መንደብ ውጪ ስለሆነች ውቅያኖሱ በቀጥታ ያገኛታል፣ ከሁለት ሜትር የሚያልፍበት ቀን አለ፣ በዚያ ላይ በአንድ ቀን ያሉት ሁለቱ ሙላቶች እኩል አይሆኑም፣ አንዱ ወፍራም አንዱ ቀጭን ነው። ስለዚህ ምፅዋ የኖረ ሰው ጨረቃ ምንም አታመጣም ቢልህ አልዋሸም፣ ጅቡቲ የኖረ ሰው ያለ ጨረቃ አትውጣ ቢልህም አልዋሸም አሉ። ዳህላክ አካባቢ ውሃው ሲሸሽ አጥማጆቹ ጫማቸውን አንገታቸው ላይ አንጠልጥለው ባህሩ መሀል እየተራመዱ ሲለቅሙ ያዩትንም ጻፉ፣ መጀመሪያ ያየ ቀን ሰው ውሃ ላይ የሚሄድ መስሎት ያማተበ ጓደኛ ነበራቸው።

እስከዚህ ድረስ ጨዋ ነበርን።

5ኛው የጎርጎራ ልጅ ነው፣ አባቱ በደንገል ታንኳ ያጠምዱ ነበር። ጣናም እኮ በጨረቃ ይሞላል ይሸሻል ነው የሚለው። ማስረጃው ሁለት ነው፣ አንደኛ ሙሉ ጨረቃ በሆነ ሌሊት የተጣለ መረብ ጠዋት ሲወጣ ባዶ ነው፣ ሁለተኛ ጠዋት ድንጋዩ ላይ የረጠበ መስመር ይታያል፣ ማታ ውሃው እዛ ነበር ማለት ነው።

6ኛው መጣና በአንድ እግሩ ቆመበት። ጣና ላይ የጨረቃ ሙላት የሚባል የለም፣ እነዛ የአሜሪካ ታላላቅ ሀይቆች እንኳን ሙላታቸው 5 ሳንቲሜትር አይሞላም፣ ጣና ደግሞ ጥልቅ የሚባለው ቦታው 14 ሜትር ገደማ የሆነ ሀይቅ ነው አለ። የረጠበው መስመር ነፋስ የገፋው ውሃ ነው፣ ዋናው ከፍና ዝቅ የዝናብ ነው፣ ሰኔ መግቢያ ላይ ይጎድላል መስከረም ጥቅምት ላይ ይሞላል፣ ልዩነቱም እስከ ሜትር ተኩል ይደርሳል። ነገሩ ልክ ነው፣ እኔም ሰኔ ላይ የምቀመጥበት ድንጋይ ጥቅምት ላይ ጠፍቶብኝ ያውቃል። ግን መጨረሻ ላይ ከመጻፍ በፊት ማንበብ ይቅደም ብሎ ጨመረበት፣ እሷን ባይጨምራት ምን ነበረበት። 7ኛው ያው 5ኛው ነው ተመልሶ የመጣው፣ እሱ ከውሃው ላይ እንደሚያወራና አራሚው ከኮንዶሚኒየም በረንዳ ላይ እንደሚያወራ አስታወቀው። ላይክ የበዛው ይሄኛው ነው፣ የኛ ነገር።

8ኛዋ እህታችን ባትመጣ ኖሮ ውይይቱ እዛው ያልቅ ነበር። አሳ ሀብት ላይ የሰራች ናት። ሁለታችሁም ልክ ናችሁ ግን የምታወሩት ስለተለያየ ነገር ነው አለች። መረቡ ባዶ መውጣቱ እውነት ነው፣ የጨረቃ ሥራ መሆኑም እውነት ነው፣ ግን በመሳብ ሳይሆን በብርሃን ነው፣ ጨረቃዋ ስታበራ አሳው መረቡን አይቶ ይሸሸዋል። ቪክቶሪያ ሀይቅ ላይ ትንንሾቹን አሳዎች በፋኖስ ጠርተው የሚያጠምዱት ሰዎችም የሚሰሩት በጨለማው ሰሞን ነው፣ ሙሉ ጨረቃ ሲሆን ሰማዩ ሁሉ ፋኖስ ስለሚሆን የነሱን ፋኖስ የሚፈልገው አሳ የለም፣ ቤታቸው ተቀምጠው መረብ ይጠግናሉ። ስለዚህ ባህር ላይ ስትሄድ ሁለቱን ለያይተህ አስብ፣ ውሃውን የሚያንቀሳቅሰው ሙሉም ጨለማም እኩል ነው፣ ብርሃኑ ግን ሁለቱን ሌሊቶች ፍጹም የተለያዩ ያደርጋቸዋል አለችኝ። ለኔ የውይይቱ ምርጥ መልስ ይሄ ነው፣ ላይኩ ግን አራት ነው።

6ኛው ልክ ነሽ ብሎ ተቀበለ፣ ግን ጣናን ለቆ አልሄደም፣ እንጨት ተክላችሁ ምልክት አድርጉበትና እዩት አለ (9ኛ)። 10ኛውና 11ኛው እንጨቱን እምቦጩ ይበላዋል እያሉ ሲቀልዱ እኔ የምር አድርጌ ተከልኩት። ሙሉ ጨረቃ በዋለበት ቅዳሜ ነበር። የባህር ዛፍ ቁራጭ ነው፣ በምስማር በየጣት ውፍረቱ ጫር ጫር አድርጌ ከድንጋዮቹ መሀል ሰካሁት። ጠዋት አራተኛው ጭረት ላይ ነበር ውሃው። ሰባት ሰዓትም እዛው። ነፋሱ ከመጣ በኋላ አስር ሰዓት ላይ ማዕበሉ እያናወጠው በደንብ ባይነበብም ሁለት ጣት ያህል ከፍ ብሏል፣ እሁድ ጠዋት ነፋሱ ተኝቶ ስደርስ አራተኛው ጭረት ላይ። ፎቶውን ለጠፍኩ። 6ኛው ምንም ሳይጽፍ አውራ ጣት ብቻ አደረገ፣ 5ኛው በአንድ ቀን አይፈረድም አለ። እንጨቱ እዛው ነው፣ የፈለገ ሄዶ ይይ።

12ኛው ይሄ ሁሉ ድካም ለምን ነው፣ አፕ አለ አለ። ስልኩ ላይ ቀኑን ያስገባል፣ ከአንድ እስከ አራት የአሳ ምልክት ይሰጠዋል፣ አራት አሳ ከሆነ ይወጣል። ነገሩ ሶሉናር ይባላል፣ ጆን አልደን ናይት የሚባል አሜሪካዊ በ1926 እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር ከአጥማጆች ወግ ተነስቶ ያወጣው ነው፣ ጨረቃ አናት ላይ ስትሆንና ተቃራኒው ከእግራችን ስር ስትሆን ሁለት ሁለት ሰዓት ያህል አሳው ይበላል፣ ስትወጣና ስትገባ ደግሞ አንድ አንድ ሰዓት ያህል። 13ኛው ያንኑ አፕ አውርዶ የፋሲል መዋኛ ላይ ምልክት አድርጎ ሞከረው፣ ያው እንደምታውቁት ለጥምቀት ካልሆነ ውሃ የለውም፣ አራት አሳ ሰጠው። አዘዞ አስፋልት ላይም አራት አሳ። ስቄ ልሞት ነበር። 12ኛው ተናደደ፣ አፑ ውሃ መኖሩን አያውቅም እንጂ ሰዓቱ ልክ ነው ብሎ ተከራከረ። ለኔ የመሰለኝ ባህር ላይ ሲሆን የዛ ሰንጠረዥ ሰዓቶችና የውሃው እንቅስቃሴ ሁለቱም ጨረቃን ስለሚከተሉ ማን ምን እንዳደረገ መለየት ከባድ ነው፣ ሀይቅ ላይ ግን ገንዘብ አልከፍልበትም።

14ኛው ላይ ነገሩ የጎንደር ሆነ። አንድ የቤተ ክህነት ተማሪ፣ ስልክ ምን ያደርጋል አባቶቻችን የዘመን መቁጠሪያውን ስሌት፣ ባሕረ ሐሳብን ትተውልን የለም ወይ አለ። አበቅቴውን (የዓመቱ የጨረቃ ቁጥር)፣ ሕጸጹን (የየወሩ ማስተካከያ) እና የወሩን ቀን ትደምራለህ፣ ከ30 ካለፈ 30ውን ትገድፋለህ፣ የቀረው የጨረቃዋ ዕድሜ ነው። የ2018 አበቅቴ 12 ነው። በጣም ደስ አለኝ፣ በጣት የሚሰራ ነገር እወዳለሁ፣ ቁጭ ብዬ ሁሉንም ቅዳሜዎች አሰላሁ። ከዛ 16ኛው መጣ። ጳጉሜ 2 ቀን 2017 ማታ ጨረቃ ተጋርዳ ደም መስላ ስንቶቻችን ደጅ ወጥተን አይተናታል አለ፣ ግርዶሽ ደግሞ ከሙሉ ጨረቃ ውጪ አይሆንም። አራት ቀን ቆይቶ መስከረም 1 ቀን በአበቅቴ ብታሰላው ግን ጨረቃዋ ገና ልትሞላ ነው የሚልህ፣ አምስት ስድስት ቀን ወደ ኋላ ቀርቷል። ምክንያቱን ሲያስረዳ ስሌቱ የቆመበት የ19 ዓመት ዙር ከሰማዩ በአንድ ሰዓት ተኩል ገደማ ስለሚረዝም ነው፣ በሦስት መቶ ዓመት አንድ ቀን ይሆናል፣ ከጥንት ጀምሮ ሲጠራቀም ይሄን ያህል ደረሰ። በአምስት ቀን ከተሳሳትክ ትልቁን ሙላት ብለህ የወጣኸው ሰው ሰነፉ ውሃ ላይ ነው የምትደርሰው። ሂሳቡ ልክ ነው፣ ግን ልጁን ያልተማረ አለው፣ ልጁም መናፍቅ አለው፣ 15 እና 17 የዚህ ናቸው፣ አሁን ጠፍተዋል። ጋሼ ገብተው ባሕረ ሐሳቡ የተሰራው ጾምና በዓል እንዲገጥም ነው፣ ለዚያ ልክ ነው፣ ለአሳ ከሆነ ቀና ብላችሁ ማየት ነው አሏቸውና በረደ።

አልበረደም እንጂ፣ ጾም የምትለዋን ቃል ሲያዩ ከ18 እስከ 23 አሳ የጾም ነው አይደለም ሆነ። ይሄን አልተርከውም ይቅርታ፣ ጎንደር ቤት ያላችሁ ታውቁታላችሁ፣ እናቴና አክስቴ ሃያ ዓመት ተከራክረውበት ያልፈቱትን እዚህ አይፈታም። ከዛ መሀል የሚያዝ ነገር ያለው የ8ኛዋ እህት ሁለተኛ ጽሑፍ ነው (21ኛ)። ነጭ አሳ ከሐምሌ እስከ ጥቅምት እንቁላል ሊጥል ወደ ወንዝ ይወጣል፣ ጉማራ፣ ርብ፣ በኛ በኩል መገጭና ድርማ። የወንዙ አፍ ላይ መረብ የዘረጋ ሰው ያንን ሰሞን ያህል የሚያገኝበት ጊዜ የለም፣ ጣና ላይ ነጭ አሳ እየሳሳ የሄደበት አንዱ ምክንያትም ይሄው ነው። እንግዲህ ጥሩ ጊዜ እያልን የምንመርጠው ለማን እንደሆነ አስቡት አለች። 5ኛው ለዚህ መልስ አልሰጠም፣ ላይክ ግን አድርጓል፣ አየሁት።

24ኛው መንጠቆ ይሸጣል፣ ተውት።

25ኛው ጅቡቲ ሹፌር የነበረ ነው፣ ስለ አሳ ሳይሆን ስለ ነፍስህ ልንገርህ ብሎ ጀመረ። ውሃው ሲሞላ እኩል እኩል አይሞላም። ከታች እስከ ላይ ያለውን አስራ ሁለት ቦታ ብትከፍለው በመጀመሪያው ሰዓት አንዱን፣ በሁለተኛው ሁለቱን፣ በሦስተኛውና በአራተኛው ሦስት ሦስቱን፣ ከዛ ሁለት፣ ከዛ አንድ ነው የሚመጣው፣ ማለትም ግማሹ ውሃ መሀል ላይ ባሉት ሁለት ሰዓቶች ይገባል። እሱ ይሄን ሳያውቅ ውሃው በሸሸበት ሰዓት ተራምዶ ወጣ ያለ ድንጋይ ላይ ወጣ፣ አንድ ሰዓት ሲያጠምድ ምንም አልተለወጠም፣ ዞር ሲል ከኋላው ያስቀመጠው ሸበጥ ተንሳፍፎ እየሄደ ነው። የመጣበት መንገድ እስከ ወገቡ ደርሷል፣ ዋና አይችልም፣ ስልኩን በጥርሱ ይዞ ወጣ። ስለዚህ መጀመሪያ ውሃው ጨርሶ በሸሸ ሰዓት ያለ መንጠቆ ሂድ አለኝ፣ ጉድጓዱን ድንጋዩን መውጫውን ፎቶ አንሳ፣ ከዛ በሌላ ቀን በሙላቱ ተመለስና መውጫህን ከኋላህ ሳይሆን ከጎንህ አድርግ። 26ኛው ሸበጡ ተገኘ ወይ ብሎ ጠየቀ። አልተገኘም።

27ኛው እኔ ነኝ፣ ከጅቡቲ። ትናንት ነው የጻፍኩት፣ ብጽፈውም ያሳፍራል። ሁሉን ነገር እንዳላችሁኝ አደረግኩ፣ ጨረቃ በሞላች በማግስቱ፣ የወደቡን ሰንጠረዥ ከስልኬ አየሁ፣ ሙላት 8:40 ይላል። ከምሳ በኋላ ከሥራ ፈቃድ ወስጄ ሰርዲን ገዝቼ ሁለት ሰዓት ቀደም ብዬ 6:40 ላይ ደረስኩ። ፀሐዩ አናት ይበሳል። ውሃ የለም። ማለት ባህሩ አለ፣ ወደ ሃምሳ እርምጃ ርቆ ይታየኛል፣ እኔ ፊት ያለው ግን አረንጓዴ የሚያዳልጥ ድንጋይ፣ አንድ የተጨማደደ የውሃ ፕላስቲክና ወደ ጎን የሚሮጥ ትንሽ ሸርጣን ነው። ይመጣል ብዬ ጠበቅኩ። ሰርዲኑ መሽተት ጀመረ። አንድ ልጅ መጥቶ አየኝና በሶማልኛ ምን እንዳለ እንጃ ሳቀ። 8 ሰዓት ሲሆን ነው ያበራልኝ፣ ሰንጠረዡ ያለው 8:40 የፈረንጅ ነው፣ የኛ ጠዋት 2:40፣ እኔ የመጣሁት በሀበሻ ሰዓት ነው።

28ኛው፣ 29ኛው በሳቅ ብቻ ነው የሞሉት። 30ኛው ጋሼ ናቸው፣ ባህር ኃይል ገና ሲገቡ መጀመሪያ እንዲረሱ የተደረጉት የሀበሻ ሰዓትን እንደነበር ጻፉልኝ። ደግሞም አሉ፣ የኛና የፈረንጁ ልዩነት ስድስት ሰዓት ነው፣ ከሙላት እስከ ሽሽትም ስድስት ሰዓት ከምናምን ነው፣ ስለዚህ በሌላ በምንም ስህተት ብትመጣ ትንሽ ውሃ ታገኝ ነበር፣ በዚህኛው ግን ልክ ወለሉ ላይ ነው የምትደርሰው። እንዲያው ሳላውቀው የ25ኛውን ምክር ፈጽሜያለሁ፣ ያለ ውሃ የቦታውን ፎቶ በደንብ አንስቻለሁ።

31ኛው ማታ ላይ መጣ፣ ከ1ኛው ወንድም። ለካ አሁንም እዚሁ ጅቡቲ ነው ያለው። የነገው ሙላት 50 ደቂቃ ገፋ ብሎ 3 ሰዓት ተኩል ላይ ነው፣ 1 ሰዓት ተኩል ላይ እዛው ድንጋይ ጋ እንገናኝ፣ ሰርዲን እኔ አመጣለሁ ብሏል፣ ከሁለቱም ሰዓቶች ጎን የሀበሻ ብሎ ጽፎበታል። ስልኬን 12 ሰዓት ላይ እንዲቀሰቅሰኝ ሞልቼ ተኛሁ፣ ከዛ ተነስቼ መብራት አብርቼ ደግሜ አየሁት፣ 6:00 ይላል።